እኔ ሳልጠየቅ

ጥቅምት 8

ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ። ደብዳቤህ ረቡዕ ደርሶኛል። የመሥሪያ ቤታችሁ ሾፌር ፖስታውን ለአራት አጥፎ በደረት ኪሱ ነው ያመጣው። ንገረው፤ ፖስታ ለአራት አይታጠፍም።

ለጠየቅኸኝ በቅደም ተከተል ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ እተኛለሁ። ክፍሉ አይበርድም፤ አልጋዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ያገኘኛል። ሚስትህ በየቀኑ ትመጣለች። ሾርባዋ ጨው ይበዛበታል፤ እኔም ጨው በዝቶበታል እላታለሁ፤ እሷም «ታዲያ ሳህኑን ማን ላሰው?» ትለኛለች። በዚህ በኩል የተለወጠ ነገር የለም።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሃል። ስልክ ላይ ድምፅህ ስለሚጣፍጥ ነው። «አይዞዎት እትዬ፣ ትንሽ ቁስለት ናት» ትልና እኔ ጥያቄ ስጀምር መስመሩ ይቆረጣል። ስለ ልጆችህ ስናወራ ተቆርጦ አያውቅም። ወረቀት አይቆረጥም፤ ስለዚህ ጻፍልኝ።

አሁን የእኔ ተራ ነው። በዚህ ክፍል አራት ሴቶች ነን። ሐኪሞቹ ጠዋት ሲዞሩ ሦስቱን ይቆጣሉ። ከጎኔ የተኛችውን የጨርቅ ነጋዴ «ዛሬም አልተራመድሽም? አልጋው ላይ ልትበቅይ ነው?» ይሏታል። ማዶ ያለችውን መድኃኒቷን ትራስ ሥር ስለደበቀች ጮኹባት። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን ፈገግ ይላሉ። «እማማ፣ እንዴት አደሩ? የሚያስፈልግዎት ነገር አለ?» ብለው ትራሴን ያስተካክሉልኛል። ደም መውሰድም ትተዋል። ወደ ምርመራ ክፍል የሚገፋኝ ሰው ከመጣ ቆይቷል።

ዕድሜዬን በሙሉ ጽሕፈት መኪና ሳስተምር ያልተቆጣሁት ተማሪ አልነበረም። ጣቱ የሚሳሳተውንም፣ ጀርባው የሚጎብጠውንም፣ ወረቀት አዛብቶ የሚያስገባውንም ተቆጥቻለሁ። ፈገግ የምለው ተስፋ ለቆረጥኩበት ተማሪ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሐኪም ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነ አታስረዳኝ።

ሐኪሙ ለአንተ ነግሮህ ለእኔ ያልነገረኝ ነገር አለ? አለ ወይም የለም በል። ከዚያ የተረፈውን ወረቀት ለፈለግኸው ተጠቀምበት።

እህትህ


ጥቅምት 13

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወንዝ ዳር ተነሥቶ አልጋዎ ድረስ ይምጣ። ሾፌሩን ስለ ፖስታው ነግሬዋለሁ፤ አፍሯል።

እዚህ ሥራው ጥሩ ነው። ውሃው በመጉደሉ የሦስተኛውን ምሰሶ መሠረት ለመሙላት ችለናል። አሸዋው እንደ ፈራነው አልሆነም፤ ከሥሩ ጠንካራ ድንጋይ አገኘን። አዲሱ መሐንዲስ ልጅ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ለጫማው ያስባል። ሠራተኞቹ ስሙን ትተው «ጫማው» ነው የሚሉት። ቢያዩት ይስቁ ነበር። አራተኛውን ምሰሶ በዚህ ወር መጨረሻ እንጀምራለን፤ ከዚያ እረፍት ወስጄ እመጣለሁ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር፣ እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ነገር ማጥበቅ ይወዳሉ። ሐኪሞቹ ፈገግ ቢሉ ምን ክፋት አለው? ስለሚያከብሩዎት ነው። በከተማው ካሉት ጸሐፊዎች ግማሹን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ሕመምዎ የአንጀት ቁስለት ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። መድኃኒቱን ይዋጡ፣ ይረፉ። በቅርቡ ቤትዎ ይገባሉ። ክፍልዎን ቀለም ላስቀባው ነው፤ ምን ዓይነት ይሁንልዎት?

ታናሽዎ


ጥቅምት 17

ወንድሜ፣

ቀለሙ ነጭ ይሁን። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ስለ ድልድይህ ገጽ ሙሉ ጻፍክ፤ ስለ እኔ አንጀት ሁለት መስመር። አለ ወይም የለም በል ነበር ያልኩህ። አንዱንም አላልክም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ትራሴን ሊያስተካክል ሲጎነበስ እጁን ያዝኩት።

«ትራሱ ደህና ነው። ሕመሜ ምንድን ነው?»

«እማማ፣ እርስዎ አይጨነቁ። ከቤተሰብ ጋር ተነጋግረናል።»

«አንጀቱ የማን ነው?»

«እ?»

«የታመመው አንጀት። የእኔ ነው ወይስ የቤተሰብ?»

ነጋዴዋ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ ሳቀች። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። «ወንድምዎ እንዳይነገርዎት አደራ ብለውናል፤ ስለሚወዱዎት ነው» አለኝ። እዚያው እንድመርቅህ የጠበቀ ይመስል ነበር።

ሚስትህ ስትመጣ ጠየቅኳት። እሷም አታውቅም ነበር። ከእሷ ጋር ስትገናኙ ምን እንደሚጠብቅህ አልነግርህም፤ በእሱ አልገባም። ደግፋኝ ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ሄድን። በኮሪደሩ ጫፍ ሁልጊዜ ተከፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ የሚውል በር አለ። ንፋሱ ስለ በረደኝ ሚስትህ ልትዘጋው ሳበችው፤ ከጀርባው መስታወት የለበሰ ትልቅ ሰሌዳ ብቅ አለ። «የታካሚዎች መብት» ይላል። መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ እንኳ የለም፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ማንም ቀርቦት አያውቅም።

ቆሜ አነበብኩት። ታካሚ ሕመሙን በሚገባው ቋንቋ የማወቅ መብት አለው። ሊደረግለት የታሰበውን ሕክምና፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን፣ ሌላም አማራጭ ካለ ያንን የማወቅ መብት አለው። የመቀበልም፣ እምቢ የማለትም መብት አለው። «ወንድሙ ካልጨነቀው በስተቀር» የሚል የለበትም። ደግሜ ፈለግሁ፤ የለም።

ኃላፊው መጀመሪያ ቆሜ እያለሁ ሊያናግረኝ ሞከረ። ወንበር አስመጣሁ። ከዚያ ነገረኝ።

ካንሰር ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ ወረቀቱ አልተቃጠለም። ትልቁ አንጀት መጨረሻው አካባቢ ነው። «በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል ነበር» አለኝ። «ይችል ነበር ማለት አሁን አይችልም ማለት ነው?» አልኩት። «ይችላል፤ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም፤ ያድጋል» አለ። የቀዶ ሕክምናው ቀን በመስከረም ተይዞልኝ ነበር። አንተ ነህ ያሰረዝከው። እኔ እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥ፣ አንተና አንድ ጎረምሳ ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆማችሁ እንድሞት ተስማማችሁ። ከዚያ ተመልሰህ መጥተህ ከብርቱካኑ በላህ። አስታውሳለሁ፤ ጣፋጭ ነው ብለሃል።

ለምን? ይህን ብቻ መልስልኝ። ስለ ምሰሶው አልፈልግም።

እህትህ


ጥቅምት 22

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ቆሜ አነበብኩት። ሠራተኞቹ መርዶ የመጣብኝ መስሏቸው ማሽኑን አጠፉት።

ለምን ብለዋል። እነግርዎታለሁ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያህል ይሳደቡ።

ሐኪሙ የነገረኝ ይህን ነው። በሽታው እንዲወጣ አንጀቱን ቆርጠው ጫፉን በሆድዎ በኩል ወደ ውጭ ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክዎን የሚወጣው ሁሉ ሆድዎ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ልብዎ ደካማ ስለሆነ ደግሞ ከማደንዘዣው ላይነቁ ይችላሉ። ይህን ሲነግረኝ ማን ታየኝ? ሻይ ሲቀርብላት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ የምትመረምር ሴት። ሰው ቤት ስትሄድ ፎጣዋን ከቦርሳዋ የምታወጣ። ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ እንኳ መጸዳጃ ቤት ድረስ የደገፏትን ሰዎች ውጭ አቁማ በሩን ከውስጥ የምትቆልፍ። ያቺ ሴት ከረጢት ተሸክማ ስትሄድ? እርስዎን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አውቅዎታለሁ። ቢላ ሥር ከሚሞቱብኝ ወይም ከነቁ በኋላ በራስዎ ተጸይፈው ከሚኖሩ፣ ሳያውቁት፣ ሳይፈሩ፣ በሰው ተከበው ይቆዩ አልኩ።

ደግሞስ ማን ነው እንዲህ የማያደርግ? ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ተብለን አይደል ያደግነው? አባታችን ሲታመም ማን ነገረው? ማንም። ምንም ሳይሰማ በሰላም አረፈ። እኔ ልጅ ብሆንም እየሳቀ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ቀላል ነበር ብለው አያስቡ። ከመስከረም ጀምሮ ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። ሚስቴ እንኳ እንዳታውቅ ያደረግኩት ፊቷ ላይ ስለሚነበብ ነው። እናትም አባትም እርስዎ ነዎት ለእኔ። ከተናደዱ ይናደዱ። ግን አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?

ታናሽዎ


ጥቅምት 27

ወንድሜ፣

እንደምን አለህ። ዛሬ ሰላምታ አለኝ። ቁጣዬ ግን አልበረደም፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ብርጭቆ ወደ ብርሃን አነሣለሁ፤ እውነት ነው። ቆሻሻ ካገኘሁበት ምን አደርገዋለሁ? አጥበዋለሁ። አልሰብረውም። ንጹሕ ሰው ማለት የሚያጥብ ሰው ነው እንጂ የማይቆሽሽ ሰው አይደለም። አንተን በሕፃንነትህ ማን ያጸዳህ ይመስልሃል? ያኔ ከረጢት እንኳ አልነበረህም።

ከረጢቱን አምጡና አሳዩኝ አልኳቸው። አንዲት ነርስ አመጣችልኝ። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ውሃ ሞልቼ ክንዴ ላይ ለጥፌው ዋልኩ። ያሳክካል። ሲራመዱበት ይንቦጫቦጫል። ሁሉም ሰው ሊጠይቅ ያፈረውን ሚስትህ ጠየቀችልኝ፤ «ሽታውስ?» አለች። ነርሷም «አንዳንዴ ይሸታል፤ በደንብ ካልተለጠፈ ደግሞ ያፈሳል» ብላ በቀጥታ መለሰች። ጠላሁት። ይህን አልደብቅህም፤ ከልቤ ጠላሁት። ስለዚህ ስለ እኔ ያሰብከው ሁሉ ስህተት ነበር እያልኩህ አይደለም። ምናልባት አይቼው፣ ነክቼው፣ አሰላስዬ «አልፈልግም፣ ተዉኝ» ልል እችል ነበር። ያኔ እምቢታው የእኔ በሆነ ነበር። አንተ የወሰድክብኝ እሱን ነው፤ እሺታዬንም እምቢታዬንም። የሚያነደኝ እሱ ነው።

ስለ አባታችን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። አባታችን ያውቅ ነበር። ከሁላችንም በፊት ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ትራሱን ሳስተካክልለት «ማወቄን አትንገሪያቸው፤ አለማወቄ ደስ ብሏቸዋል» አለኝ። የሳቀው ለእናንተ ብሎ ነው። ሊናዘዘው የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ የሚፈራው ነገር ነበረው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም ስለ አየሩ ያወራው ነበር። ሰው እንደከበበው ብቻውን ሞተ። በሰላም አረፈ የምትለውን ቃል ሁለተኛ ለእኔ አትጻፍልኝ።

ምን ሊያደርጉ ነው ብለሃል። ቀዶ ሕክምናውን እቀበላለሁ። ኅዳር 4 ነው። የሚቀድደኝ ሐኪም ሌላ ነው፤ እሱ ተቀምጦ ጥያቄዬን ሁሉ መለሰልኝ። ከማደንዘዣው ላልነቃ እንደምችል ነገረኝ። የሚወጣው ሁሉ ወጥቶም በሽታው ሌላ ቦታ ሊገኝ እንደሚችል ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ አንድም ጊዜ ፈገግ አላለም። ወደድኩት።

በመጨረሻ «መናገር የማይችሉበት ሁኔታ ቢመጣ ማን ይናገርልዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። አንተን እንደምጠራ ሁሉም እርግጠኛ ነበር። ሚስትህን ጠራሁ። ከእሷ ጋር ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ እንደተኳረፍን ነው። ግን ያ ሁሉ ኩርፊያ የመጣው የሚሰማትን ፊት ለፊት ስለምትነግረኝ ነው። እሷ አትወደኝም ማለት ይቻላል፤ አትዋሸኝም ግን። እንዲህ አልኳት፦ ችግር ተፈጥሮ እንደገና መክፈት ካስፈለገ አንዴ ይክፈቱኝ። ከዚያ በኋላ መሣሪያ ብቻ የሚያስተነፍሰኝ ከሆነ ይንቀሉት። ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው። አላለቀሰችም። «ከነቁ ግን ሾርባዬን ያለ ንግግር ይጠጣሉ» አለችኝ። በዚህኛው አልተስማማሁም።

መምጣት ከፈለግክ ና። ኮሪደር ላይ ቁም። ምንም ነገር አትፈርም።

እህትህ


ኅዳር 24

እትዬ፣

የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ። ፊደሉ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ሸፋፍኖ አለፈው እንዳይሉኝ ነው የጻፍኩት።

«ተኝቼ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ሚስትህ የምትነግረኝ የእሷን ጀግንነት ብቻ ነው» ብለዋል። እንግዲህ ይኸው።

በቀዶ ሕክምናው ማግሥት ውስጥ ውስጡን ደም መፍሰስ ጀመረ። ያ ፊቱ የቀላው ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሚስቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ ግን አልፏት ወደ እኔ መጣ። ከዚህ በፊት የተነጋገርን ሰዎች ስለሆንን ይመስለኛል። «እንደገና መክፈት ሊያስፈልግ ነው፤ ልባቸው ላይችለው ይችላል። ወይም ደግሞ ሳናስቸግራቸው ይረፉ» አለኝ።

እትዬ፣ እውነቱን ልጻፍ። «ይረፉ» ልል ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ ኅዳር 4ን ጠብቄ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ «ይረፉ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሚስቴ በክንዷ ገፍትራኝ መሃል ገባች።

«የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንዴ ክፈቱኝ ብለዋል፤ ክፈቱ።»

ሐኪሙ በትከሻዋ በኩል እኔን አየኝ።

«እሱን ምን ያዩታል? እሱ የመጣው ለመቆም ነው!» አለችው።

ከፈቱ። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። በእኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው አልነበረም። «ይቅርታ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ትንሽ ሆነችብኝና አጠፋኋት።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ያው ሐኪም ደወለልኝ። «በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተወሰዱት ናሙናዎች ውጤት መጥቷል፤ ለእርስዎ አስቀድሜ...» ሲል አቋረጥኩት።

«ለእሳቸው ይንገሩ።»

«ቢደነግጡስ?»

«ይደንግጡ» አልኩና ዘጋሁበት።

ውጤቱ መልካም ይሁን ክፉ አላውቅም። ድምፁን እያስታወስኩ አንዴ መልካም ነው እላለሁ፣ አንዴ ክፉ ነው እላለሁ። እርስዎ እንዲህ ሆነው ነው ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የከረሙት። ልጠይቅዎትም እፈራለሁ፤ መብትም ያለኝ አይመስለኝም።

ታናሽዎ


ታኅሣሥ 3

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን አነበብኩት። «ይረፉ» ልል ነበር ያልከውን ይቅር አላልኩህም። መቼ ይቅር እንደምልህም አላውቅም። ብትደብቀኝ ኖሮ ግን ከእንግዲህ አላነጋግርህም ነበር፤ ይህንንም እወቀው።

ውጤቱን ነግረውኛል። ያ ሐኪም ነው የመጣው። መጀመሪያ ትራሴን ሊነካ እጁን ዘረጋ፤ አየሁት፤ እጁን መለሰና ተቀምጦ ነገረኝ። ይማራል።

ላንተ ላለመንገር ወስኜ ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ነጋዴዋ፣ ትናንት በኮሪደሩ ያለ ድጋፍ ስለ መሄዴ ጣፋጭ ጣፋጩን ልጽፍልህ ነበር፤ እንዴት እንደሚያቃጥል እንድትቀምሰው። ጀመርኩት። ገጹን ልጨርስ ስል «ሁሉም ደህና ነው፣ አታስብ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሩን ወረወርኩት። አንተ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት እንደጻፍከው አይገባኝም። ቀደድኩት፤ ይህን ጀመርኩ።

እንግዲህ ስማ። አንጀቱ ላይ የነበረው ወጥቷል። ጉበቴ ላይ ግን ጥቂት አለ። ለእሱ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ያስመልሳል፤ ያደክማል፤ ልቤንም ሊያውክ ይችላል። ዕድሜ ይጨምራል፤ ስንት እንደሚጨምር የሚያውቅ የለም። «በመስከረም ቢሠራ ኖሮ ጉበት ላይ አይደርስም ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ላይደርስ ይችል ነበር፤ ቀድሞ ደርሶም ሊሆን ይችላል፤ ማወቅ አይቻልም» አለኝ። አንተም እንደ እኔ ከዚህ ጋር መኖር አለብህ። ልሸፍንልህ አልችልም።

ከረጢቱን የምለውጠው ራሴ ነኝ። ሁለት ጊዜ ፈሶብኛል። ሁለቱንም ጊዜ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ፤ ነጋዴዋ እንዲህ ያለ ስድብ እንደማውቅ አልጠረጠረችም ነበር። ከዚያ ታጠብኩ፤ አንሶላ አስለወጥኩ፤ ሻይ ጠጣሁ።

መድኃኒቱን ልቀበል እችላለሁ፤ ልተወውም እችላለሁ። ለማሰብ ጊዜ ጠይቄ ሰጥተውኛል። ነርሷ የምቀበል ይመስላታል። ሚስትህ የምታስበውን ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፤ «ስጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ» አልኳት። ተቆጣች። ተኳርፈን ዋልን፤ ማታ ሾርባ አመጣች፤ ጨው በዝቶበታል።

አንተም «አይዞዎት» አትበለኝ። ምን ብመርጥ እንደምትወድ አትጻፍልኝ፤ ብትጽፈው ሳላነበው በሾፌሩ እመልስልሃለሁ። የጀመርከውን ምሰሶ ጨርስ። ስወስን አላማክርህም። አሳውቅሃለሁ።

እህትህ